ስለ ቃል ቆጠራና ስለ ቃል ፍርድ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መዝገበ ቃላት በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማስተማር አይደለም። ለዚያ ሥራ የሠለጠኑ ሊቃውንት አሉ፤ እኔ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሆኖም ካለፈው ዓመት ጀምሮ የቤት ኪራዬን ለመደጎም ስል በምማርበት ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት ክፍል ማታ ማታ የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮችን እያነበብኩ ምልክት እሰጣለሁ። ሥራው ቀላል ነው። በስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ከነአጎራባቾቹ ይቀርብልኛል፤ እኔም ቃሉ በዚያ ቦታ የያዘውን ትርጉም ከተዘጋጀልኝ ዝርዝር መርጬ ቁጥሩን እጽፋለሁ። በአንድ ምሽት እስከ 200 መስመር እጨርስ ነበር። ባለፈው ኅዳር ግን አንድ ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቃሉ «እርምጃ» ይባላል።

ጥያቄው ባጭሩ ሲቀርብ ይህን ይመስላል፡- የአንድ ቃል ትርጉም ሰዎች በጻፉት ልክ እየተቆጠረ ሲወሰን፣ ስለ ትርጉሙ በኅሊና ፊት የሚጠየቀው ማነው? ቆጣሪው ማሽን ነው እንዳይባል ማሽን ኅሊና የለውም። ጸሐፊዎቹ ናቸው እንዳይባል ከእነርሱ አንዱም መዝገበ ቃላት አዘጋጃለሁ ብሎ ብዕር አላነሣም። ነገሩ የጥቂት ባለሙያዎች ጣጣ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ቃልን ሰብስቦ መመዝገብ በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ለብዙ ዘመን የአንድ ወይም የጥቂት ሰዎች ዕዳ ሆኖ ኖሯል። የመጀመሪያው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የታተመው በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1698 ነው። አዘጋጁ ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ምስክሩ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ሲሆኑ፣ ከአገራቸው ተሰደው ሮማ ከከረሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ድረስ ተጋብዘው ሄደው ቋንቋውን አስረዱት። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብራ ባሕር ውስጥ ቀሩ። መዝገቡ የወጣው እርሳቸው ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። እንደ እኛው ስደተኛ የነበረ የአንድ ሰው አፍ ለአንድ ሙሉ ቋንቋ ምስክር ሆነ ማለት ይቻላል።

በአገር ውስጥም መንገዱ ከዚህ ብዙ አልራቀም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገብ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፉት፤ እርሳቸውም ሳይታተም በማረፋቸው አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ደስታ ራሳቸው የደከሙበት ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ሦስት ሰው፣ አንድ አደራ። በዚህ ሥርዓት የትርጉሙ ዋስ ሰውየው ነው፤ ቢሳሳት ተሳሳተ፣ ቢያዳላ አዳላ ይባላል። ወቃሹ ማንን እንደሚወቅስ ያውቃል።

እንግሊዞች ዕዳውን ለብዙ ሰው ለማካፈል ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1857 የተጠነሰሰው፣ የመጀመሪያ ክፍሉ በ1884 የወጣው፣ በ1928 የተፈጸመው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የተሠራው አያሌ በጎ ፈቃደኞች መጻሕፍት እያነበቡ በቁራጭ ወረቀት ገልብጠው በላኩት ጥቅስ ነው። ከእነዚህ ትጉሃን አንዱ ዊልያም ማይነር የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ነበር። በ1872 ለንደን ላይ አንድ ሰው ገድሎ፣ አእምሮው ታሟል ተብሎ በተዘጋበት ቤት ውስጥ ሆኖ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሶችን ላከ። ይህን የማነሣው ለወሬነቱ አይደለም። ነፍሰ ገዳዩ እንኳ በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ምስክር ሊሆን የቻለው መጻሕፍት ስለነበሩት ነው። የሟቹ ሚስት ግን ስለ አንድም ቃል ምስክርነት እንድትሰጥ የጠየቃት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ማሽኑ መጣ። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ሁለት መምህራን፣ ፍራንሲስና ኩቼራ፣ በ1961 ከታተሙ ጽሑፎች እያንዳንዳቸው 2,000 ያህል ቃላት ያሏቸው 500 ናሙናዎች መርጠው አንድ ሚሊዮን ቃላት ያህል ኮምፒዩተር ውስጥ አስገቡ። እንዲህ ያለውን ክምችት ኮርፐስ ይሉታል፤ ቃሉ በላቲን ገላ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክሌር የመራው ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ኮቢልድ የተባለውን መዝገበ ቃላት ከዚህ ዓይነት ክምችት አውጥቶ አሳተመ። የአሠራሩ መሠረት ቀደም ሲል ፈርዝ የተባለው የለንደን የቋንቋ ሊቅ ያራመደው ሐሳብ ነው። ይኸውም የአንድ ቃል ትርጉም ከጎኑ ከሚሰለፉት ቃላት ይታወቃል የሚል ነው። ቃሉን ኮምፒዩተሩ ከየጽሑፉ እየለቀመ በስክሪኑ መካከል በአንድ ዓምድ ይደረድረዋል፤ ግራና ቀኙን ሲያነቡ ትርጉሙ ራሱ ይወጣል ይባላል። አዘጋጁ ትርጉም አይፈጥርም፤ ያነብባል፣ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል።

ይህን አሠራር መጀመሪያ ሳውቀው ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። የፖለቲካ ተማሪ እንደመሆኔ ቆጠራ ሲባል ምርጫ ይታወሰኛል። አለቃው ወይም ሊቁ ከላይ ሆኖ «ይህ ቃል ይህ ነው» የሚልበት ዘመን አብቅቶ፣ ተናጋሪው ሕዝብ ራሱ በየዕለቱ በአፉና በብዕሩ ድምፅ የሚሰጥበት ዘመን መጣ ብዬ አሰብኩ። ከእኛ በፊት በዚህ በስደት አገር የነበሩት ተማሪዎች ሰፊው ሕዝብ የሚሉት እርሱ በመጨረሻ በቃላት ላይ ሥልጣን ያዘ ብዬም ተመጻደቅሁ።

ግን ማንኛውም የምርጫ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመራጮች መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረው ማነው ብሎ ነው። ለአማርኛ ከተሠሩት ክምችቶች መካከል የታወቀው አንዱ ከዋልታ የዜና ማዕከል በተወሰዱ 1,065 ዜናዎች ላይ የቆመ ነው፤ 210,000 ያህል ቃላት አሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሌላው ከፍ ያለ ሲሆን 24 ሚሊዮን ያህል ቃላት ይዟል። የደከሙበትን ሰዎች አመሰግናለሁ፤ ያለ እነርሱ እኔም ሥራ አይኖረኝም ነበር። ነገር ግን የዜና አማርኛ የማን አማርኛ ነው? በዜና ውስጥ ስብሰባ ይከፈታል፣ ባለሥልጣን ያስገነዝባል፣ ተሳታፊዎች ይወያያሉ። በዜና ውስጥ ማንም ሰው አያለቅስም፤ ሽሮ አይቃጠልበትም፤ ልጁን አይቆጣም። ከዚህ ክምችት ብቻ መዝገበ ቃላት ቢወጣ አማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ዕድሜ ልኩን በአዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ይመስላል።

የፊደላችንም ታሪክ ወደዚሁ አዘነበለ። የእኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ማሽኑ በቀላሉ ይለቅመዋል፤ ከዚያ በፊት የታተመውን ግን ሰው ተቀምጦ ገጽ በገጽ ካልገለበጠው ወይም ፎቶ ተነሥቶ በብዙ ስሕተት ካልተነበበ በቀር የለም እንደማለት ነው። እንግዲህ ማሽኑ የሚያስታውሰው የቅርቡን ጊዜ ነው።

ማሽኑ ቆጠራውን ለማቅለል ሲል የሚያደርገውም ነገር አለ። «ስላልተሰበረልን» ያለው ሰው «ሰበረ»ን እንደተናገረ ኮምፒዩተሩ እንዲያውቅ ቅጥያውን ሁሉ መግፈፍ ያስፈልጋል፤ ማይክል ጋሰር የተባለው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መምህር ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ ይህን ይሠራል፤ ድንቅም ሥራ ነው። ሌላው ማቅለያ ግን ለእኔ ድንቅ አልሆነልኝም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ድምፃቸው አንድ ነው በማለት ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን አንድ ያደርጓቸዋል። ጸሐፊዎቻችን ራሳቸው ስለሚያዛንፏቸው ይህ ምክንያት አልባ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ ወንፊት ሲያልፉ «ሠዓሊ»ና «ሰአሊ»፣ ሥዕል የሚሥለውና የሚለምነው፣ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ «ድኅነት»ና «ድህነት»ም አንድ ይሆናሉ። ነፍስ የምትድንበትና ጎጆ የምትራብበት ቃል በአንድ ቁጥር ተደመሩ። እነዚህን የቆጠረ ሰው ውጤቱን ትክክል ነው ሊል ይችላል፤ አሥር ጊዜ ቢቆጥርም ያንኑ ያገኛል።

አሁን ወደ ያዘኝ ቃል ልመለስ።

«እርምጃ» ከመራመድ የወጣ ነው። የተሰጠኝ ዝርዝር ሦስት ትርጉሞች አሉት። አንደኛው እግር አንሥቶ መጣል፤ ሁለተኛው ርቀት የሚለካበት፣ ቦታውን በእርምጃ ለካው እንደሚባለው፤ ሦስተኛው አንድ ባለሥልጣን ወይም መሥሪያ ቤት አንድን ነገር ለማስተካከል የሚፈጽመው ተግባር ነው። ከዜናዎቹ የተለቀሙት መስመሮች ያለጥርጥር ሦስተኛው ላይ ይወድቃሉ። ጎረቤቶቹ «ተገቢ»፣ «ሕጋዊ»፣ «አስተዳደራዊ»፣ «የማስተካከያ»፣ «ይወሰዳል» ናቸው። በዐይነ ኅሊናዬ ከረባት ያሰረ ቃል ሆኖ ይታየኛል።

ከዜናዎቹ ሌላ ግን በክምችቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ክፍል አለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከወጡ የመንግሥት ጋዜጦች በእጅ የተገለበጡ ገጾች ናቸው። በእነርሱም ውስጥ «እርምጃ» አለ። ጎረቤቶቹ ሌሎች ናቸው፡- «አብዮታዊ»፣ «ነፃ»፣ «በአናርኪስቶች ላይ»፣ «ተወሰደባቸው»። የሥራው መመሪያ እንደሚለው እነዚህም ሦስተኛው ትርጉም ናቸው። ባለሥልጣን አለ፤ ተግባር አለ፤ ሊስተካከል የተፈለገ ነገር አለ። የዓረፍተ ነገሩ አገነባብ ከዛሬው ዜና በአንዲት ፊደል እንኳ አይለይም። ሦስት ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

አልቻልኩም። አክስቴ ትዝ አሉኝ።

የአክስቴ ታላቅ ወንድም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ስሙን ከሌሎች ስሞች ጋር በሬድዮ ሰሙት። አስከሬኑን አላገኙም፤ ልቅሶም መቀመጥ አልተፈቀደላቸውም። እኔ ይህን ሁሉ በልጅነቴ ባላውቅም አንድ ነገር አስተውል ነበር። በአክስቴ ቤት «እርምጃ» የሚባል ቃል አይነገርም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሕፃን በግቢያቸው ቆሞ መሄድ ሲጀምር፣ አንዷ እንግዳ «የመጀመሪያ እርምጃው ነው» ብላ ስታጨበጭብ፣ አክስቴ ፊታቸውን አዙረው «ወፌ ቆመች በሉ፤ ወፌ ቆመች» አሉ። እኔ ያን ጊዜ ለሕፃኑ የተደሰቱ መስሎኝ ነበር።

በዚህች ሴት አማርኛ ውስጥ «እርምጃ» አራተኛ ትርጉም አለው፤ መግደል ማለት ነው። አራተኛው ትርጉም የቀሩትን ሦስቱን በልቶ ቃሉን በሙሉ ከአፋቸው አስወጥቶታል። ማሽኑ የተነገረውን ይቆጥራል። ሰው ሊያወጣው ስላልቻለ የተወውን ቃል በምን ይቁጠረው? አክስቴ ዕድሜ ልካቸውን ቢቀዱ እንኳ በዚያ ቃል አንጻር የሚገኘው ድግግሞሽ ዜሮ ነው።

እዚህ ላይ የፍልስፍናው ጥያቄ ይጠናል። ውሸትን ለመሸፈን የተመረጠ ቃል ትርጉሙ የቱ ነው? የሚለው ወይስ የሚሰውረው? ጋዜጣው «እርምጃ ተወሰደ» ሲል ጸሐፊውም፣ አራሚውም፣ አንባቢውም ተገደሉ ማለት መሆኑን ያውቁ ነበር። ትርጉም ሰዎች የሚግባቡበት ከሆነ ትርጉሙ መግደል ነው። ትርጉም ከጎን ቃላት የሚነበብ ከሆነ ግን አስተዳደራዊ ተግባር ነው፤ ቃሉ የተመረጠውም በትክክል ለዚህ ነው፣ ጎረቤቶቹ ደም እንዳይሸቱ። ስለዚህ ጎረቤቶቹን አይቶ የሚፈርደው ማሽን፣ ያን ቃል የመረጠው ሰው እንዲያታልል ያሰበው ዓይነት አንባቢ ሆኖ ይገኛል። ከ45 ዓመት በላይ ቆይቶ ጋዜጣው በመጨረሻ የሚያምነው ሰው አገኘ።

ይህን ለሥራው ኃላፊ አቀረብኩ። ኃላፊው ቅን ሰው ነው፤ መልሱንም እዚህ የምጽፈው ላጣጥለው አይደለም። እንዲህ አለኝ፡- «እኛ ሰዎች እንዴት እንደተጠቀሙበት እንመዘግባለን እንጂ እንዴት ሊጠቀሙበት ይገባ እንደነበር አንፈርድም። አዘጋጁ በኅሊናው መምረጥ ከጀመረ ነገ ሌላ ኅሊና ያለው ሌላ አዘጋጅ ይመጣል። የአንድ ቤተሰብ ስሜት የቃል ትርጉም አይሆንም፤ ለአዲስ ትርጉም ከልዩ ልዩ ምንጮች ማስረጃ ያሻል።»

የዚህን መልስ ክብደት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ የአገሩን ታሪክ አያውቅም ማለት ነው። የቃላትን ትርጉም ለሕዝብ ጥቅም ሲሉ ለመወሰን የተነሡትን አይተናል። ቅድመ ምርመራ የሚባለውም ሥራ ሌላ አልነበረም። ከዚያም የባሰ አለ፤ ይህን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። ከእኛ በፊት በእነዚህ ከተሞች ተቀምጠው እንዲህ ያሉ መጽሔቶችን ያዘጋጁ የነበሩት ተማሪዎች፣ በአውሮፓ «ትግላችን»ን፣ በሰሜን አሜሪካ «ቻሌንጅ»ን ያሳትሙ የነበሩት፣ እነርሱና የትግል ጓዶቻቸው ለአማርኛ ብዙ ቃል አበርክተዋል ወይም አሰራጭተዋል። ወዛደር፣ ተራማጅ፣ ንዑስ ከበርቴ፣ አድኃሪ የሚሉትን እናስታውስ። ግማሾቹ ዛሬም የምናስብባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ግማሾቹ ግን አንድን ሰው በአንዲት ቃል ከሰው ተራ ማውጫ ነበሩ፤ ቃሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጥይቱ ተከትሎ ይደርሳል። «እርምጃ»ም የአንድ ወገን ብቻ ቃል አልነበረም። በከተማው ትግል የተሰለፉ ድርጅቶችም ባላንጣቸውን ሲገድሉ ይህንኑ ቃል ይጠቀሙበት ነበር። የዚያ ዘመን በራሪ ወረቀቶችና የስደት መጽሔቶች ነገ ተሰብስበው ወደ ክምችቱ ቢገቡ ሚዛኑ ይስተካከላል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። የአንዱ ወገን ሽፋን በሌላው ወገን ሽፋን ላይ ይደመራል፤ ቁጥሩም ሦስተኛውን ትርጉም ይበልጥ ያጸናዋል። አክስቴ ከሁለቱም ወገን አልጻፉም።

እንግዲህ መፍትሔው አዘጋጁን ወደ ቀድሞው አለቃ ወንበር መመለስ እንዳልሆነ እቀበላለሁ። ከኃላፊው ጋር የምለያየው በአንድ ነጥብ ነው። እርሱ ያልፈረደ ይመስለዋል። ጋዜጣውን ወደ ክምችቱ ያስገባ ቀን ፈርዷል፤ ልቅሶውን ሳይጠይቅ የተወ ቀንም ፈርዷል። በአለቃ ኪዳነ ወልድ ዘመን ፍርዱ ትርጉም ሲጻፍ ይሰጥ ነበርና ስሕተቱ ፊርማ ነበረው። አሁን ፍርዱ ቀድሞ፣ ጽሑፍ ሲመረጥ፣ ማንም ሳያየው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ንጹሕ በመሆኑ ፍርዱም የነጻ ይመስላል።

ነገሩን በሌላ መንገድ ልግለጠው። በማንኛውም ትልቅ ክምችት ውስጥ ካሉት ልዩ ልዩ ቃላት እስከ ግማሽ የሚደርሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኙት፤ ዚፍ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የቃላት ድግግሞሽ የሚከተለውን ሕግ ካጠና ወዲህ ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ አዘጋጆች ትንሽ ቁጥር ያለውን መጣል የግድ ይሆንባቸዋል። ግን ትንሽነት ሁለት ምክንያት አለው። አንዳንዱ ነገር የሚለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሚሉት ብዙ ሆነው ሳለ ብዕርም፣ ማተሚያም፣ ልቅሶ የሚቀመጡበት ድንኳን እንኳ ስለተከለከሉ ትንሽ ነው። ለቆጣሪው ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው። እነዚህን መለየት የሚችለው ታሪክ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህም አውቆ መጠየቅ የአዘጋጁ ግዴታ ይመስለኛል እንጂ ከሙያው ውጪ የሆነ ቸርነት አይደለም።

ይህ በተግባር ምን ይመስላል? የሰውን አፍ መቅዳት ያስፈልጋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1994 የፈጸሙት 100 ሚሊዮን ቃላት ያለው ብሔራዊ ክምችት ውስጥ ከአሥር እጅ አንዱ የንግግር ነው፤ ከዚያ ያልበለጠበት ዋናው ምክንያት ንግግርን ሰምቶ መገልበጥ ብዙ ገንዘብና ጊዜ ስለሚበላ ነው። አንድ አሥረኛም ቢሆን ለእኛ ትልቅ ነገር በሆነ ነበር። ከዚህም ሌላ በየትርጉሙ አጠገብ ምስክሩ ማን እንደሆነ ይጻፍ። «እርምጃ፡- 3. በ1969 እና በ1970 የመንግሥት ጋዜጦች አነጋገር፤ 4. በዚያው ጊዜ የሟቾች ቤተሰቦች እንደሚረዱት፣ መግደል» ቢባል አንባቢው ማን ለምን እንዳለ አይቶ ራሱ ይመዝን። ይህ ለማንም ወገን ማዳላት አይሆንም። ዳኛ የምስክሮቹን ማንነት በመዝገቡ ላይ ሲያሰፍር አዳላ አይባልም።

ነገሩ ከመዝገበ ቃላት ያለፈ ስለመሆኑም ጥቂት ልበል። ዛሬ ራሳቸው ዓረፍተ ነገር እየገነቡ የሚጽፉ ማሽኖች የተሠሩት ቃልን ከአጎራባቹ በመማር ነው። መዝገበ ቃላትን አንድ ሰው ካልከፈተው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እነዚህ ግን ይናገራሉ። ነገ አንድ ልጅ ስለ ዘመኑ ቢጠይቃቸው «አስፈላጊው እርምጃ ተወስዷል» የሚል ለስላሳ አማርኛ ያነብቡለታል፤ ማንም አልዋሸውም፤ እርሱም የጋዜጣውን ቃል እንደ ገዛ አፉ ቃል ይዞ ያድጋል።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ በጥር ወር ለአክስቴ ስልክ ደወልኩ። አራተኛውን ትርጉም ለማስገባት ማስረጃ ተጠይቄያለሁና ከእርሳቸውና ከመሰሎቻቸው ለመቅዳት አስቤ ነበር። ከጤናቸው ጀምሬ፣ ቡናቸውን፣ ወገባቸውን ጠይቄ፣

«እትዬ፣ ስለ ጋሼ የሚያወሩኝን በመቅጃ ልያዘው ወይ?» አልኳቸው።

«ለምን ይሆንሃል?»

«ለመዝገበ ቃላት ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እትዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «እነዚያ በሬድዮ ያነበቡት አለ አይደል፤ እርሱ ይበቃል። የእኔን አፍ እዚያ አጠገብ አታስቀምጥብኝ፣ ልጄ።»

ይህን አልጠበቅሁም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንዲት ዝም የተባለች ሴት ድምፅ እንድታገኝ የምታገል መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ዝምታቸው የተወሰደባቸው ነገር አልመሰላቸውም፤ የእርሳቸው ገንዘብ ነው፤ ከገዳዩ ቃል ጋር በአንድ ዓምድ መሰለፍን አልፈለጉም። ከላይ የጻፍኩትን «መጠየቅ ግዴታ ነው» የሚለውን አልሰርዘውም። ተጠያቂውም እምቢ የማለት መብት እንዳለው ግን በዚያ ሐሳቤ ውስጥ ቦታ አልሰጠሁትም ነበር። ታሪካቸውን እዚህ መጻፌ ራሱ ልክ መሆኑን አላውቅም፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት በስልክ አነበብኩላቸው። ስለ ሕፃኑ ያለውን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ይኸስ ይሁን» አሉ።

ኃላፊው እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ሰጥቶኛል። ከጋዜጦቹ የተለቀሙት መስመሮች አሁንም በእኔ ስም ያለ ቁጥር ይታያሉ፤ ማሽኑ ሌሊት ሌሊት ያልተፈጸመ ሥራ አለብህ የሚል ማስታወሻ ይልክልኛል። ከሌሎች ቤተሰቦች ፈቃደኛ የሆኑ እንዳሉ ለማወቅ ጠይቄያለሁ፤ ሁለት መልስ መጥቷል። በመጪው ክረምት አገር ቤት ስገባ አክስቴ ዘንድ እሰነብታለሁ፤ መቅጃውን ግን እዚሁ ትቼው ነው የምሄደው።